እውነት ሆኖ የሚከፋፍል ቃል፦ የቡድሂዝም የንግግር ሥነ ምግባር ከደሴ ሲታይ

በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ በቴሌግራም፣ በፌስቡክና በቲክቶክ ስለሚናፈሰው ነገር ሰዎች ሲወያዩ፣ ውይይቱ ብዙውን ጊዜ አንድ ጥያቄ ላይ ደርሶ ይቆማል፦ ነገሩ እውነት ነው ወይስ ሐሰት? እውነት ከሆነ ያሰራጨው ሰው ነፃ ይወጣል፤ ሐሰት ከሆነ ይወገዛል። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም በቂ አይደለም። ሁለት ወጣቶች ገበያ ውስጥ ተጣሉ እንበል፤ አንዱ ሙስሊም፣ ሌላው ክርስቲያን ነው፤ ያጣላቸው የዕቃ ዋጋ ነው። የተቀረጸው ቪዲዮ አልተቀነባበረም፤ ስማቸውም ቦታውም ቀኑም ትክክል ነው። ሆኖም ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ አዲስ አበባ፣ ጂዳና ዋሽንግተን ሲደርስ የሁለት ሃይማኖቶች ጠብ ሆኖ ያርፋል። ካስተላለፉት ሰዎች መካከል አብዛኞቹ አንድም የሐሰት ቃል አልጻፉም፤ ቢጠየቁም «ያየሁትን ነው ያሳየሁት» ብለው በሙሉ ልብ ይመልሳሉ።

ይህ ጽሑፍ የሚመረምረው እንዲህ ያለውን ንግግር ነው፤ እውነት የሆነውን፣ ግን ሰውን ከሰው የሚለየውን። ለምርመራው የተመረጠው መነሻ ቡድሂዝም መሆኑ አንዳንድ አንባቢን ሊያስገርም ይችላል፤ እምነቱ በወሎ ሥር የሰደደ አይደለምና። ምክንያቱ ግን ግልጽ ነው። ቡድሂዝም የሚከፋፍል ንግግርን ከውሸት ለይቶ፣ ራሱን የቻለ ጥፋት አድርጎ ቆጥሮታል፤ አንድ ሰው ከመናገሩ በፊት ራሱን የሚፈትንበትን መለኪያም በዝርዝር አስቀምጧል። በእኛ ከተሞች የጎደለው ይህን የመሰለ መለኪያ ነው ብዬ አምናለሁ።

አስቀድሞ ሕጋችን ምን እንደሚል እንመልከት። የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ ስርጭትን ለመከላከልና ለመቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ሁለት ነገሮችን ይከለክላል። የመጀመሪያው በብሔር፣ በሃይማኖት፣ በዘር፣ በጾታ ወይም በአካል ጉዳት ላይ ተመሥርቶ በአንድ ሰው ወይም በተለየ ቡድን ላይ ሆን ብሎ ጥላቻን፣ መድልዎን ወይም ጥቃትን የሚያነሳሳ ንግግር ሲሆን፣ እስከ 2 ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር መቀጮ ያስከትላል። ሁለተኛው ሐሰተኛነቱ እየታወቀ ወይም ሊታወቅ ሲገባው የተሰራጨና ሁከት ወይም ግጭት የማስነሳት ዕድሉ ከፍተኛ የሆነ መረጃ ነው፤ ቅጣቱ እስከ 1 ዓመት እስራት ወይም እስከ 50,000 ብር ሲሆን፣ የተሰራጨው ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ከሆነ እስከ 3 ዓመት እስራት ወይም 100,000 ብር ይደርሳል። የገበያው ጠብ ቪዲዮ ግን በሁለቱም ወንፊት ሾልኮ ያልፋል፤ ሐሰት አይደለም፣ ግልጽ የጥላቻ ቃልም የለበትም። ሕጉ ወንፊቱን ከዚህ በላይ ያጥብብ የሚል ሐሳብ የለኝም። እውነት የተናገረን ሰው «ከፋፍለሃል» ብሎ የሚያስር መንግሥት ማንንም ሊያስር ይችላልና፣ ጉዳዩ ከፍርድ ቤት ይልቅ የሥነ ምግባር ጉዳይ ሆኖ ቢቀር ይሻላል።

ቡድሃ ያስተማረው ከክርስቶስ ልደት በፊት በአምስተኛው ክፍለ ዘመን ገደማ በሰሜን ሕንድ ነው። ትምህርቱ ለረጅም ጊዜ በቃል ሲተላለፍ ቆይቶ በኋላ በጽሑፍ ሰፈረ፤ በጥንታዊው የፓሊ ቋንቋ የተጠበቀው ስብስብ ዋነኛው ምንጭ ነው። ከሥቃይ መውጫ ሆኖ የተሰጠው ስምንት ክፍል ያለው መንገድ ሦስተኛ ክፍሉ ትክክለኛ ንግግር ይባላል፤ ትርጓሜውም ከአራት ነገሮች መታቀብ ነው፦ ከውሸት፣ ከሚከፋፍል ንግግር፣ ከሻካራ ንግግርና ከፍሬ ቢስ ወሬ። በሌላ ቦታ የሰው ልጅ መጥፎ ሥራዎች አሥር ተብለው ሲቆጠሩ ሦስቱ የአካል፣ ሦስቱ የልብ፣ አራቱ ደግሞ የአንደበት ናቸው። ከግድያ፣ ከስርቆትና ከዝሙት ጋር በአንድ ረድፍ የተቀመጠው አንደበት ከሁለቱ ይልቅ ሰፊውን ድርሻ መያዙ፣ እነዚያ ሰዎች ንግግርን ምን ያህል እንደ ተግባር እንደቆጠሩት ያሳያል።

ከአራቱ ሁለተኛው ላይ ጠለቅ ማለት ያስፈልጋል። ጥንታዊው ጽሑፍ የሚከፋፍል ንግግርን የተወ ሰውን ሲገልጽ፣ እዚህ የሰማውን እነዚህን ከእነዚያ ለመለየት ብሎ እዚያ አያወራም፣ እዚያ የሰማውንም እነዚያን ከእነዚህ ለመለየት ብሎ እዚህ አያወራም ይላል። ወሬው ሐሰት መሆን አለመሆኑን አያነሳም፤ የሐሰት ጉዳይ በመጀመሪያው ክፍል አልቋልና። ጥፋቱ ያለው በማጓጓዙና በማጓጓዙ ዓላማ ላይ ነው። ዛሬ ከአንድ የቴሌግራም ግሩፕ ወደ ሌላው ፎርዋርድ ማድረግ የምንለው ድርጊት፣ ከሃያ አራት ምዕተ ዓመታት በፊት በዚህ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሙሉ በሙሉ ተቀርጿል። የሙስሊሞች ግሩፕ ውስጥ በምሬት የተባለውን በስክሪንሾት አንስቶ ክርስቲያኖች ግሩፕ ውስጥ የሚለጥፈው፣ ወይም የዚህን ተቃራኒ የሚያደርገው ሰው፣ ከራሱ አንድ ቃል ሳይጨምር ሥራውን ይጨርሳል። ጽሑፉ በክልከላው ብቻ አያቆምም፤ ያው ሰው የተለያዩትን የሚያስታርቅ፣ የተስማሙትን የሚያበረታታ፣ በስምምነት የሚደሰትና ስምምነትን የሚያመጣ ቃል የሚናገር ነው ብሎ ይቀጥላል። ወሎ ውስጥ አበጋሮች የሚባሉት የሀገር ሽማግሌዎች ደም የተቃቡ ወገኖችን ለማስታረቅ ሲቀመጡ የሚሠሩት ይኸንኑ ነው። አንዱ ወገን በንዴት የተናገረውን ለሌላው ወገን እንዳለ አያደርሱም፤ የሚያደርሱት የሚያቀራርበውን ነው።

የደሴ አንባቢ እዚህ ላይ ቆም ብሎ፣ ይህ በቤታችንም ያለ ትምህርት አይደለም ወይ ሊል ይችላል፤ ትክክል ነው። በእስልምና ስለ ሰው በሌለበት የሚጠላውን ማውራት ጊባ፣ ማለትም ሐሜት፣ ነው፤ ነቢዩ ሙሐመድ የሚባለው ነገር እውነት ቢሆንስ ተብለው ሲጠየቁ፣ እውነት ከሆነ ሐሜት ነው፣ ውሸት ከሆነ ደግሞ ስም ማጥፋት ነው ሲሉ መልሰዋል። ሰውን ከሰው ለማጣላት ወሬ ማመላለስ፣ ማለትም ነሚማ፣ ከዚህም የከፋ ኃጢአት ነው። ቁርኣን በአል-ሑጁራት ምዕራፍ አመፀኛ ሰው ወሬ ይዞ ሲመጣ አረጋግጡ ይላል፤ ሐሜትንም የሞተ ወንድምን ሥጋ ከመብላት ጋር ያመሳስለዋል። በክርስትናም የያዕቆብ መልእክት ሦስተኛ ምዕራፍ ምላስን ታላቅ ጫካ ከሚያነድ ትንሽ እሳት ጋር ያነጻጽራል። አማርኛችንም «የምላስ ወለምታ በቅቤ አይታሽም» ይላል። ስለዚህ ቡድሂዝም ለእኛ ፈጽሞ እንግዳ ነገር ይዞ አይመጣም። ይዞ የሚመጣው ሥርዓት ነው፤ ከመናገር በፊት፣ በመናገር መካከልና ከመናገር በኋላ ምን መጠየቅ እንዳለበት በቅደም ተከተል የተደራጀ ልምምድ።

ይህ ልምምድ በግልጽ ከሚታይባቸው ታሪኮች አንዱ የልዑል አብሃያ ታሪክ ነው። ልዑሉ ሌላ ጥንታዊ የሕንድ እምነት በሆነው በጃይን መሪ ተልኮ ለቡድሃ የወጥመድ ጥያቄ ያቀርባል፦ ለሰው ደስ የማይል ቃል ትናገራለህ? አዎ ካለ ከተራው ሰው በምን ይለያል ሊባል ነው፤ አይ ካለ ደግሞ ከእርሱ ስለተለየው ስለ ዴቫዳታ የተናገረው ከባድ ቃል ሊጠቀስበት ነው። ቡድሃ ግን ነገሩ አንድ ወጥ መልስ የለውም ብሎ፣ በልዑሉ ጭን ላይ የተቀመጠውን ሕፃን እያሳየ ይጠይቀዋል፦ ይህ ልጅ እንጨት ወይም ጠጠር ቢጎርስ ምን ታደርጋለህ? ልዑሉም ጭንቅላቱን በአንድ እጄ ይዤ፣ በሌላው ጣቴን አጥፌ፣ ደም ቢፈስ እንኳ አወጣዋለሁ፤ ስለማዝንለት ነው ይላል። ከዚህ በኋላ ቡድሃ የንግግሩን ደንብ ይገልጻል። እውነት ያልሆነውንና የማይጠቅመውን፣ ደስ ቢያሰኝም ባያሰኝም አይናገርም። እውነት ሆኖ የማይጠቅመውንም፣ ደስ ቢያሰኝም ባያሰኝም አይናገርም። እውነት ሆኖ የሚጠቅመውን ደግሞ፣ ጣፋጭም ይሁን መራራ፣ የሚናገርበትን ጊዜ ያውቃል።

በዚህ ደንብ ውስጥ ሁለት ነገሮች ሊተኮርባቸው ይገባል። አንደኛው፣ እውነት መሆን ብቻውን የመናገር ፈቃድ አይሰጥም፤ ጥቅሙና ጊዜውም ይመረመራል። ሁለተኛው፣ መራራ እውነት አልተከለከለም። የጠጠሩ ምሳሌ ገብቶ የተነገረው ለዚህ ነው፤ ደም የሚያፈስ ቃል እንኳ የሚያስፈልግበት ሰዓት አለ፣ ዝም ማለትም ልጁን ሊገድለው ይችላል። ይህ ለእኛ የሩቅ ነገር አይደለም። በ2014 ዓ.ም. በጥቅምት ወር ጦርነቱ ወደ ደሴ ሲቃረብ፣ ከተማዋ ከራያ፣ ከቆቦና ከወልድያ የተፈናቀሉ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ሰዎችን አስጠልላ ነበር። ነዋሪው ይቆይ ወይስ ይሂድ የሚለውን የሚወስነው በሚሰማው ነገር ነበር። በዚያን ጊዜ መንገዱ አደገኛ ነው ብሎ ያስጠነቀቀ ሰው ደስ የማይል ነገር ተናገረ፤ ቃሉ ግን ሰዓቱን የጠበቀና ነፍስ የሚያድን ነበር። በዚያው ሳምንት ስለ አንድ ጎረቤት ትውልድ ያወራ ሰውም ምናልባት እውነቱን ተናግሮ ይሆናል። የመጀመሪያው ጠጠር አወጣ፤ ሁለተኛው ጎረቤቱን ለአደጋ አጋለጠ። እውነት ነው ወይስ ሐሰት የሚለው ጥያቄ ብቻ ሁለቱን ሊለያቸው አይችልም።

ሌላ ጽሑፍ መለኪያውን በአምስት ይጠቀልለዋል፦ ንግግር በጊዜው የተነገረ፣ እውነት፣ ለስላሳ፣ ጠቃሚና በበጎ ልብ የተነገረ ሲሆን መልካም ንግግር ነው። በገዳም ሥርዓት ደግሞ አንድ መነኩሴ ሌላውን ለመገሠጽ ሲነሳ አስቀድሞ እነዚሁን አምስት በራሱ ላይ እንዲመረምር ታዟል። የመጨረሻው በተለይ ከባድ ነው፤ የሌላውን ጥፋት የምናገረው እንዲታረም ብዬ ነው ወይስ እንዲዋረድ ብዬ? ማንም ከውጭ ሆኖ ይህን ሊፈርድ አይችልም። ለዚህ ነው መለኪያው ለዳኛ ሳይሆን ለተናጋሪው የተሰጠው።

ቡድሃ ለልጁ ለራሁላ የሰጠው ትምህርትም ለዘመናችን ያለው ጠቀሜታ ትልቅ ነው። በመታጠቢያ ዕቃ ውስጥ ጥቂት ውኃ አስቀርቶ አሳየው፤ አውቆ ሲዋሽ የማያፍር ሰው መንፈሳዊ ሕይወቱ ይህን ያህል ጥቂት ነው አለው። ውኃውን ደፋው፣ ዕቃውን ገለበጠው፣ በየደረጃው ያንኑ ደገመለት፤ በቀልድ እንኳ አትዋሽ ሲልም አጠቃለለ። ከዚያ ስለ መስታወት ጠየቀው፤ መስታወት ራስን ለማየት እንደሆነ ሁሉ ሥራም በአካል፣ በአንደበትና በልብ ከመደረጉ በፊት፣ እየተደረገ ሳለና ከተደረገ በኋላ ሊታይ ይገባዋል፦ ይህ እኔን፣ ሌላውን ወይስ ሁለታችንን ይጎዳል? ስልክ በእጁ የያዘ ሰው የመጀመሪያውን ምርመራ ለማድረግ የሚኖረው ጊዜ ሁለት ሰከንድ አይሞላም፤ መተግበሪያዎቹ የተሠሩት ጣት ከሐሳብ እንዲቀድም ሆነው ነው። ሦስተኛው ምርመራ፣ ማለትም የኋለኛው፣ እኛ ዘንድ ፈጽሞ የተረሳ ነው። ሰው የተሳሳተ ፖስቱን ያጠፋል፤ ግሩፑ ውስጥ የነበሩ ሰዎች ግን ማጥፋቱን አያዩም፣ ያዩትን ይዘው ሄደዋል። ለራሁላ የተሰጠው ትእዛዝ ጎጂ የነበረውን ቃል ለመምህር ወይም ለአስተዋይ ባልንጀራ መግለጥና ወደፊት መታቀብን ይጨምራል። ያሰራጨነውን ዝም ብሎ ከማጥፋት ይልቅ፣ በዚያው ግሩፕ ውስጥ «ያልኩት ነገር ስህተት ነበር» ብሎ መጻፍ ከዚህ ትእዛዝ ጋር የሚመጣጠን ትንሹ እርምጃ ነው።

ስለ ሻካራ ቃል በአጭሩ፦ ሰው ሲወለድ በአፉ ውስጥ መጥረቢያ ይዞ ይወለዳል፣ ክፉ ሲናገርም ራሱን ይቆርጥበታል የሚል ጥንታዊ ግጥም አለ። የተነገረው ኮካሊካ የሚባል መነኩሴ ሁለቱን ዋና ደቀ መዛሙርት ሳሪፑታንና ሞጋላናን በከንቱ ስለከሰሰ ነው። እዚህ ላይ የቡድሂዝም አመለካከት ከሕጉ በእጅጉ ይለያል። ሕጉ የሚመዝነው በተሰደበው ላይ የደረሰውን ነው፤ ትምህርቱ ግን ስድቡ ተሳዳቢውን ምን ዓይነት ሰው አደረገው ብሎ ይጠይቃል። ዓመታትን በየማታው በላይቭ ሌሎችን ሲሳደብ ያሳለፈ ወጣት፣ ማንም ባይሰማው እንኳ የራሱን ልብ ሲያሠለጥን ነው የከረመው።

ፍሬ ቢስ ወሬን የሚከለክለውን አራተኛውን ክፍል ግን እንዳለ መቀበል ይከብደኛል። ጽሑፎቹ ለመነኮሳት የማይገቡ ብለው ከሚዘረዝሯቸው ወሬዎች መካከል ስለ ነገሥታት፣ ስለ ሌቦች፣ ስለ ጦር ሠራዊት፣ ስለ ምግብ፣ ስለ ዘመድና ስለ መንደር የሚወራው ይገኝበታል። ዓለምን ትቶ ለወጣ መነኩሴ ተገቢ ሊሆን ይችላል። በወሎ ግን ቡና ተፈልቶ ከአቦል እስከ በረካ ሲጠጣ የሚወራው ስለዚሁ ነው፤ ሙስሊሟና ክርስቲያኗ ጎረቤታሞች በአንድ ረከቦት ዙሪያ ተቀምጠው ስለ ልጆቻቸው፣ ስለ ገበያውና ስለ ዝናቡ የሚያወሩት ተራ ወሬ የሰፈሩ ማሰሪያ ነው። ክፉ ዜና በመጣ ዕለት አንዷ የሌላዋን በር እንድታንኳኳ ያስቻላት ይህ ለዓመታት የተከማቸ ተራ ጨዋታ ነው። እንግዲህ የወሬው ርዕስ ተራ መሆኑ ጥፋት አይደለም።

ትምህርቱ ስለ ቋንቋም የሚለው አለ፤ ብዙ ቋንቋ ለሚነገርበት አካባቢም ቅርብ ነው። ከካህናት ወገን የተወለዱ ሁለት መነኮሳት የቡድሃ ቃል በየአገሩ ሰው አነጋገር እየተበላሸ ነውና የካህናቱ ጥንታዊ ቅዱስ መጽሐፍ በሆነው በቬዳ ከፍ ያለ የቋንቋ ሥርዓት ይቀመጥ ብለው ሲጠይቁ፣ ቡድሃ ገሥጿቸው ትምህርቱን በራስ አነጋገር መማር ይቻላል ሲል ፈቀደ። በሌላ ንግግሩ ደግሞ አንድን የሸክላ ዕቃ በየአገሩ በልዩ ልዩ ስም እንደሚጠሩት አንስቶ፣ ስሙ ይኸኛው ብቻ ነው፣ ሌላው ስህተት ነው ብሎ ሙጭጭ ማለት የጠብ ምንጭ መሆኑን አስተማረ። ከኮምቦልቻ ወደ ከሚሴ የሚወርድ መንገደኛ አማርኛ፣ ኦሮምኛና አርጎብኛ በአጭር ርቀት ውስጥ ይሰማል። በበየነ መረብ የምናያቸው ብዙ ጦርነቶች ግን የሚካሄዱት በስም ላይ ነው፤ አንድ ወረዳ ምን ተብሎ ይጠራ፣ አንድ ሕዝብ ምን ተብሎ ይጻፍ በሚለው። ስም ታሪክ አለውና ክርክሩ ሁሉ ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። ሰው ራሱን በሚጠራበት ስም መጥራት ግን ከተናጋሪው ምንም አይወስድበትም።

ይህ ትምህርት ወደ ሥልጣን ሲደርስ ምን መልክ እንደያዘ የሚያሳየው የንጉሥ አሾካ ታሪክ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በሦስተኛው ክፍለ ዘመን ሕንድን የገዛው አሾካ ቡድሂስት ሆኖ ሳለ፣ በዓለት ላይ ባስቀረጸው አሥራ ሁለተኛ አዋጁ በግዛቱ ያሉትን እምነቶች ሁሉ አከብራለሁ ይላል። የሁሉም መሠረት አንደበትን መግታት ነው፤ ያለ ቦታው የራስን እምነት ከፍ አለማድረግ፣ የሌላውንም አለመንቀፍ። የራሱን ለማክበር ብሎ የሌላውን የሚነቅፍ የገዛ እምነቱን ይበልጥ ይጎዳል ብሎም ያክላል። ከደሴ በስተሰሜን ብዙ በማይርቀው በቦሩ ሜዳ በ1870 ዓ.ም. የተደረገው ጉባኤ ያስከተለው ከዚህ የተለየ ነበር፤ የሃይማኖት ክርክር በንጉሥ ውሳኔ ተዘግቶ፣ የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ ታዘዘ፣ ኢማም መሐመድ ዓሊም ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ። የወሎ ሰው ከዚያ ሁሉ በኋላ ተጋብቶና ተዋልዶ፣ በአንድ ቤት ውስጥ ሁለት ሃይማኖት ይዞ መኖሩ ለእኔ ከማንኛውም አዋጅ ይበልጣል። ይሁንና ያ ታሪክ በየጊዜው በስልክ ላይ ተቆራርጦ ሲቀርብ እናያለን፤ የተቆረጠው ክፍል ብዙውን ጊዜ እውነት ነው፣ የተተወው ግን አብሮ የመኖሩ ክፍል ነው።

ትምህርቱ ያማረ መሆኑ ግን ተከታዮቹን እንዳልጠበቃቸው መናገር ግዴታ ነው። ማያንማር ሕዝቧ በአብዛኛው ቡድሂስት የሆነ አገር ናት፤ ትክክለኛ ንግግር ለልጆች ይሰበክባታል። በዚያው አገር እንደ አሺን ዊራቱ ያሉ መነኮሳት በስብከትና በፌስቡክ ስለ ሙስሊሞች የተናገሩት ቃል ለዓመታት ተሰራጨ፤ የአገሪቱ ከፍተኛ የመነኮሳት ምክር ቤት በመጋቢት 2017 እ.ኤ.አ. ዊራቱን ለአንድ ዓመት እንዳይሰብክ ሲያግደው ጊዜው ረፍዶ ነበር። ከዚያው ዓመት ነሐሴ ጀምሮ ሮሂንጋ ከሚባለው የአገሪቱ ሙስሊም ሕዝብ ከ700,000 በላይ ሰዎች ከሠራዊቱ ዘመቻ ሸሽተው ወደ ባንግላዴሽ ገቡ። ፌስቡክም በ2018 እ.ኤ.አ. መድረኩ ግጭት ለመቀስቀስ እንዳይውል በቂ ሥራ አለመሥራቱን አመነ። የስሪ ላንካው ታሪክ ደግሞ ከገበያው ጠብ ጋር ይበልጥ ይመሳሰላል። በ2018 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ በካንዲ አካባቢ በአብዛኛው ቡድሂስት ከሆነው ከሲንሃላ ሕዝብ የሆነ አንድ ሾፌር በመንገድ ላይ በተነሳ ጠብ በሙስሊም ወጣቶች ተደብድቦ ሞተ። ይህ እውነት ነበር። ይህን እውነት ይዞ የተንቀሳቀሰው ቅስቀሳ ግን መስጊዶችንና የሙስሊሞችን ቤቶችና ሱቆች አስቃጠለ፤ መንግሥትም ማኅበራዊ ሚዲያን ለቀናት ዘጋ። የሟቹ ቤተሰብ ፍትሕ የመጠየቅ ሙሉ መብት ነበረው፤ የአራት ወጣቶችን ጥፋት የአንድ ሕዝብ ጥፋት ያደረገው ግን የወሬው ጉዞ ነው።

ትምህርቱ ለምን ከሸፈ ለሚለው ጥያቄ ሁለት መልስ አለኝ። አንደኛ፣ የሚከፋፍለው ቃል ሃይማኖትን የመከላከል ልብስ ለብሶ መጣ፤ ተናጋሪውም የተከበረ ስለነበር ማንም በአምስቱ መለኪያ ሊፈትነው አልደፈረም። በእኛም ዘንድ ቆብ ወይም ጥምጥም ያደረገ ሰው ሲናገር መለኪያውን አጥፈን እናስቀምጣለን። ሁለተኛ፣ ትምህርቱ የተሰጠው ፊት ለፊት ለሚነጋገሩ ሰዎች ነው፤ ቁጣን ከትዕግሥት አስቀድሞ ለሚያደርስ ማሽን አልተዘጋጀም። በ2014 ዓ.ም. ባሕር ዳር ውስጥ የተገደሉ ፕሮፌሰር ልጅ በፌስቡክ ባለቤት በሜታ ላይ ኬንያ ውስጥ ክስ የመሠረተው፣ አባቱን ዒላማ ያደረጉ ጽሑፎች እንዲወርዱ ጠይቆ በጊዜው አልወረዱም በሚል ነው። እንዲህ ያለው ጉዳይ በግለሰብ ጨዋነት ብቻ አይፈታም፤ ከኩባንያውም ተጠያቂነት ይፈለጋል።

አንድ ብርቱ ተቃውሞም አለ። «የሚከፋፍል አትናገር» የሚለው ቃል በኃያል ሰው እጅ ሲገባ ተበዳይን ዝም ማሰኛ ይሆናል፤ በደሉን የተናገረ ከፋፋይ ይባላል፣ አንድነትም የበዳይ መሸሸጊያ ይሆናል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል በተከሰተው ግጭት ምክንያት የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ስለነበር፣ ዝም መባል ምን እንደሆነ እናውቀዋለን። ወሬ በዝምታ ውስጥ ይብሳል እንጂ አይጠፋም። የዚህ ተቃውሞ መልስ በራሱ በትምህርቱ ውስጥ አለ፦ የሚከለከለው ለመለየት ተብሎ የሚነገረው እንጂ በደልን ለማስቆም የሚነገረው አይደለም፤ እውነት ሆኖ የሚጠቅምን መራራ ቃልም ደንቡ ይፈቅዳል። ምናልባት በዚህ ምክንያት ይሆናል የገዳሙ ሥርዓት ዝምታን ብቻ ሳያዝ የጠብ መፍቻ ሥነ ሥርዓት የደነገገው። ጠብን ለመፍታት ከተቀመጡት ሰባት መንገዶች የመጀመሪያው፣ ነገሩ ከሳሽም ተከሳሽም ባሉበት፣ በማኅበሩ ፊት፣ በሥርዓቱ መሠረት ይታይ ይላል። በሌለ ሰው ላይ አይፈረድም።

ይህ ደንብ በወሎ ሽምግልና ውስጥ ያለ ነው፤ ባለጉዳዮቹ ሳይቀመጡ ሽማግሌ አይፈርድም። የቴሌግራም ግሩፖቻችን ግን ይህን ሥርዓት ትተው በየሰዓቱ በሌለ ሰው ላይ ይፈርዳሉ። ዛሬ በደሴም በኮምቦልቻም የሰፈር እድሮች፣ የተማሪዎች ማኅበራት፣ የመስጊድና የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች የየራሳቸው ግሩፕ አላቸው፤ እያንዳንዱም አድሚን አለው። አድሚኖቹ በሚታወቅ ሰው ወይም ቡድን ላይ የሚቀርብ ክስ፣ የተከሰሰው ወገን እንዲመልስ ዕድል ሳይሰጠው ከግሩፑ ውጭ እንዳይተላለፍ ቢያደርጉ፣ ከሌላ ግሩፕ የመጣ ስክሪንሾትንም ያመጣውን ሰው «ለምን አመጣኸው?» ሳይሉ ባያሳልፉ፣ የከተማው ወሬ መልኩ ይቀየር ነበር። የሚቀረው ችግር ሩቅ ያለው ነው። መቶ ሺህ ተከታይ ይዞ ከውጭ አገር ስለ ደሴ የሚያወራ የቻናል ባለቤት፣ ከማንም ጋር ቡና አይጠጣም፣ የማንንም ለቅሶ አይደርስም፣ ሽማግሌም ቢልኩበት አይቀመጥም። ዘመዶቹ ግን እዚሁ ናቸው፤ በዓል ሲመጣ ይደውልላቸዋል። አበጋሮቹ በደም ጉዳይ ገዳዩ ቢሸሽ እንኳ ወገኑን ጠርተው ማነጋገርን ያውቁበታል፤ ይህንንም ጉዳይ በዚያው በር ገብተው ሊሞክሩት ይችላሉ።